«እማዬን ለምን አትወስጃትም?» ዱባይ፣ ሪያድና ጓንግዙ ያሉ ልጆች ቤተሰብ መጋበዝ የሚችሉት መቼ ነው?

ቲክቶክ ላይ ይሄን ዓይነት ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ቡርጅ ኸሊፋ ስር ቆመዋል፣ ልጅ ትቀርጻለች፣ ኮሜንቱ በሙሉ «ለኛም እናቶች ይድረስ» ነው። ደስ ይላል፣ ማንም አይጠላውም።

ችግሩ የሚጀምረው ቪዲዮው ቂርቆስ ወይም ካዛንቺስ አንድ ቡና ላይ ሲታይ ነው። «የእከሊት ልጅ እናቷን ወስዳ አስጎበኘቻት። ያንቺዋ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ነካት?» ይባላል። እናት ዝም ትላለች። ማታ ግን ጥያቄው በቪዲዮ ኮል ሪያድ ይደርሳል። ልጅም «እሺ እማ፣ እግዜር ካለ» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ወሬ የምትቀይረው ጨክና ወይም ገንዘቡን በልታው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በጣም ቀላል ነው፦ የምትኖረው ሰው ቤት ነው፣ ቪዛዋም የተያዘው በዚያ ሰው ስም ነው። እንግዳ ለመጥራት ደግሞ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ በራስ ስም ያለ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በወረቀት የሚታይ ገቢ፣ እንግዳው የሚያድርበት ሕጋዊ ቤት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፍቅርም ብርም አይሞላውም።

እስቲ ከአገር አገር እንየው።

1. የሰው ቤት ውስጥ የምትኖር ልጅ

ኤዥያ ሲባል ብዙዎቻችን ቻይናና ታይላንድ ነው የሚታየን። ካርታውን ካያችሁት ግን ሪያድ፣ ቤሩት፣ ኩዌት፣ ዶሃ፣ ዱባይ ሁሉም ኤዥያ ውስጥ ናቸው። ኤዥያ የሄደው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ያለው እዚያ ነው፣ በተለይ ሴቶቹ በቤት ሠራተኝነት።

በነዚህ አገሮች ለረጅም ጊዜ የቆየው አሠራር ከፋላ ይባላል። ትርጉሙ ዋስትና ነው። ሠራተኛዋ አገሩ ውስጥ የመኖር ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው ማለት ነው። አንዳንድ አገሮች ሥርዓቱን አላልተዋል፣ ግን የቤት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ከማሻሻያው ውጭ ይቀራሉ። ለምሳሌ ሳዑዲ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩና ከአገር እንዲወጡ የፈቀደችበት ማሻሻያ የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም።

ይሄ ከእንግዳ ጋር ምን አገናኘው? የቤት ሠራተኛ የምታድረው አሠሪዋ በሰጣት ክፍል ነው። አንዳንዷም ከልጆች ጋር ነው የምትተኛው። ክፍሉ ከሥራው ጋር የመጣ ነው፣ ሥራው ሲያልቅ መኖሪያውም በዚያው ቀን ያልቃል። በሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) ቤሩት ላይ ያየነው ይሄንኑ ነው። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ አስፋልት ላይ አደሩ። በራሷ የምትጠለልበት ቤት የሌላት ልጅ እናቷን የት ታስተኛት?

ስለዚህ ልጃችሁ፣ እህታችሁ ወይም አክስታችሁ የቤት ሠራተኛ ከሆነች መልሱን ከወዲሁ እወቁት፦ መጥራት አትችልም። አንዳንዷ ይሄን ለእናቷ መናገር ያሳፍራታል። እናንተ ብትነግሩላት ይቀላል።

2. ዱባይ፦ 4,000 ድርሃም የሚለው መስመር

ኤምሬትስ ውስጥ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ሳሎን ወይም ቢሮ የሚሠሩ፣ የራሳቸው የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያንም አሉ። ለነሱ በሩ ክፍት ነው፣ ግን የደሞዝ ልክ አለው።

የኤምሬትስ የፌዴራል የማንነትና የዜግነት ባለሥልጣን በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ባሳወቀው መሥፈርት መሠረት ለጉብኝት የሚጠራ ሰው የወር ገቢ ቢያንስ ይሄን ያህል መሆን አለበት፦

• እናት፣ አባት፣ ልጅ ወይም ባል/ሚስት ለመጥራት 4,000 ድርሃም
• ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ዘመድ ለመጥራት 8,000 ድርሃም
• ጓደኛ ለመጥራት 15,000 ድርሃም

4,000 ድርሃም ወደ 1,090 ዶላር ገደማ ነው። ለብዙ የቤት ሠራተኞች ይሄ ከወር ደሞዛቸው ሦስትና አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ እናቷን ያስጎበኘችው ልጅና ያላስጎበኘችው ልጅ መካከል ያለው ልዩነት የደግነት አይደለም፣ የደሞዝ ወረቀት ነው።

ደሞዙ ቢኖር እንኳ ማደሪያው ይቀራል። ዱባይ የሚኖር ብዙ ወጣት ቤት አይከራይም፣ አልጋ ነው የሚከራየው። «ቤድ ስፔስ» ይሉታል። አንድ ክፍል ውስጥ አራት፣ ስድስት ሰው ይተኛል። ዱባይ ደግሞ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ በመተግበሪያ እንዲመዘገቡ ታዛለች። ዘመድ ቤት አርፋለሁ የሚል ጎብኚም «ኢጃሪ» የሚባለውን የተመዘገበ የኪራይ ውል ሊጠየቅ ይችላል። የአልጋ ተከራይ ኢጃሪ በስሙ የለውም። ስለዚህ ቪዛው ቢገኝም እናት የምታርፈው ሆቴል ይሆናል። ወጪው ላይ የሆቴሉን ማታ ማታ ደምሩት።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ቪዛው ካለቀ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት አለ። «ትንሽ ትቆይ፣ ገና ጠግቤ አላየኋትም» እያሉ አንድ ወር ማሳለፍ 1,500 ድርሃም ያስከፍላል።

3. ሳዑዲ፦ የጉብኝት ቪዛና ሐጅ ሲገናኙ

ሳዑዲ ውስጥ ሕጋዊ ኢቃማ ያለውና በሙያ ወይም በንግድ የተሰማራ ሰው የቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ ማመልከት ይችላል። የሚያመለክተው ነዋሪው ራሱ ነው፣ በሳዑዲ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ በኩል። አዲስ አበባ ያለ ሰው «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» ቢል ቢያንስ መነሻው ከእሱ እጅ እንዳልሆነ እወቁ።

ለሙስሊም ቤተሰቦች አንድ ወሳኝ ነገር አለ። በጉብኝት ቪዛ ሐጅ ማድረግ አይቻልም። እናቱን በጉብኝት አስመጥቶ በሐጅ ሰሞን መካ ሊያስገባት የሚያስብ ልጅ አለ፣ ሐሳቡ ቅን ነው፣ መዘዙ ግን ከባድ ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) በወጣው መመሪያ ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ ሰው እስከ 20,000 ሪያል ይቀጣል። በዚያ ሰሞን የጉብኝት ቪዛ የያዘን ሰው መካ ውስጥ ያስጠለለ ደግሞ እስከ 100,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ በአስተናጋጁ ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሐጅ ላይ ከ1,300 በላይ ሰዎች በሙቀት ሲሞቱ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የመጡ ነበሩ፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳንና አውቶቡስ ያላገኙ።

4. ቻይና፦ ተማሪም እናቱን መጥራት ይችላል

ይሄ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቻይና ውስጥ በሥራ ወይም በትምህርት የሚኖር የውጭ ዜጋ የቅርብ ቤተሰቡን «ኤስ 2» በሚባል ቪዛ መጋበዝ ይችላል። ቆይታው እስከ 180 ቀን ነው። ጓንግዙ የሚነግድ ብቻ ሳይሆን በስኮላርሽፕ የሚማር ልጅም ያመለክታል። የሚፈለገው የግብዣ ደብዳቤ፣ የጋባዡ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ ዝምድናውን የሚያሳይ ሰነድ ነው።

ቻይና ላይ የሚያስቀጣው ሌላ ነገር ነው። የውጭ ሰው ሆቴል ካረፈ ሆቴሉ ያስመዘግበዋል። ሰው ቤት ካረፈ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመዝገብ ግዴታ ነው። ካልተመዘገበ ማስጠንቀቂያ አለ፣ እስከ 2,000 ዩዋን ቅጣትም ሊኖር ይችላል። እናት ደክሟት ብትደርስም ምዝገባውን ለሳምንት አታሳድሩት።

ሌላው የስልክ ጉዳይ ነው። እዚያ ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና ፌስቡክ በአገሩ ኢንተርኔት አይሠሩም። አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ «ከደረሰች ድምጿ ጠፋ» ብሎ እንዳይደነግጥ ዊቻት ቀድማችሁ ጫኑ፣ ሞክሩትም። ዱባይም የዋትሳፕ ጽሑፍ ይሠራል እንጂ ጥሪው አይሠራም። ብዙ ሰው ቦቲም ነው የሚጠቀመው።

5. የኛ ስም አጠራርና «ዝምድናችሁን አሳዩ»

ይሄኛው የኛ የኢትዮጵያውያን ራስ ምታት ነው። ፓስፖርታችን ላይ ያለው የራስ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንድ የሚያመሳስል ቃል የለውም። የኤምባሲ ሠራተኛው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነው የሚያየው።

ዝምድናውን የሚያሳየው የልጅየዋ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፣ ምክንያቱም የእናት ስም እዚያ ላይ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ነው። ሰነዱ ወደ ውጭ ሲሄድ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ይኖርበታል፣ እንደ አገሩ ኤምባሲውም ይጨምርበታል።

እዚህ ላይ ሰው የሚወድቀው በትንሽ ነገር ነው፦

• የእናት ስም በልደት ወረቀቱና በፓስፖርቷ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የፊደል ልዩነት። አንድ ፊደል ብትለይ «ሌላ ሰው ናት» ያስብላል።
• የቤት ስም። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት በአንድ ስም፣ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ።
• የልደት ቀን። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር አንዱ ሰነድ ላይ ሰባት፣ ሌላው ላይ ስምንት ዓመት ተጨምሮ ይገኛል።

መፍትሔው ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት ነው። የአንድ መደበኛ ፓስፖርት ክፍያ 5,000 ብር ገብቷል። ስህተት ይዞ ከወጣ በኋላ ለማረም መሮጥ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የልደት ወረቀቱን፣ መታወቂያውንና ማመልከቻውን አንድ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ይሄ ስልክ ይዞ ለሚውል ወጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለእናት ግን የሁለት ወር ምልልስ ያድናል።

6. «የቤተሰብ ቪዛ» የሚሸጡ ሰዎች

የእናት ናፍቆት ገበያ አለው። «ቤተሰብ ጉብኝት በ15 ቀን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ቴሌግራም ላይ ታያላችሁ። ሁሉም ሌባ ነው ማለት አይደለም፣ ሕጋዊ የጉዞ ወኪሎች አሉ። ግን ሁለት ምልክት ስታዩ ቁሙ።

የመጀመሪያው፣ ጋባዡን የማይጠይቅ ሰው ነው። ከላይ እንዳያችሁት የቤተሰብ ቪዛ የሚጀምረው እዚያ ከሚኖረው ሰው ሰነድ ነው። ደላላው ስለ ልጅየዋ ኢቃማ ወይም ኢጃሪ ምንም ካልጠየቀ የሚሸጥላችሁ ተራ የቱሪስት ቪዛ ነው፣ እሱንም ከዋጋው በላይ።

ሁለተኛው፣ «በጉብኝት ግቢ፣ እዚያ ሥራ ይገኛል» የሚለው ነው። ይሄ ለእናት ሳይሆን ለታናሽ እህት ነው የሚቀርበው። የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ኤምሬትስ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሕጓን አጥብቃ ያለ ፈቃድ ሰው የሚያሠራ አሠሪ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም እንዲቀጣ አድርጋለች። ስለዚህ እዚያ የሚቀጥራት ሰው ቢገኝም ተደብቃ ነው የምትሠራው፣ ደሞዟን ቢከለክላት የምትከሰው የለም። በኢትዮጵያ በኩልም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ነው። በጉብኝት የወጣች ልጅ ከዚያ ጥበቃ ውጭ ናት።

ነገሩ የት ሊደርስ እንደሚችል ታይላንድና ምያንማር ድንበር ላይ ታይቷል። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ከኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

7. ሻንጣው

ቪዛው ተሳክቶ እናት ስትነሳ ሰፈሩ በሙሉ «ለልጄ ይቺን አድርሺልኝ» ይላል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ቢሆንም ያልከፈታችሁትንና ያላያችሁትን እቃ እንዳትይዝ አድርጉ። ሻንጣው በማን ስም እንደተመዘገበ እንጂ የማን አደራ እንደሆነ ጉምሩክ አይጠይቅም።

• ጫት በኤምሬትስም፣ በሳዑዲም፣ በቻይናም የተከለከለ ነው።
• ቻይና ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ አታስገባም። ቋንጣውና ቂቤው እዚሁ ይቅር።
• ኤምሬትስ ትራማዶልና ኮዴን ያለባቸውን የህመም ማስታገሻዎች በቁጥጥር ሥር አድርጋለች፣ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእናት መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነሐኪም ማዘዣው ይሁን።

8. መብቱ መጥራት ሳይሆን መምጣት ነው

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ልጅ እንመለስ፣ ወሬ ወደምትቀይረዋ። እናቷን መጥራት አትችልም ብለናል። ግን ምንም የላትም ማለት አይደለም።

በኤምሬትስ የ2022 (እ.ኤ.አ.) የቤት ሠራተኞች ሕግ መሠረት በዓመት 30 ቀን ዕረፍት አላት። ዕረፍቷን አገሯ ማሳለፍ ከፈለገች በየሁለት ዓመቱ የአየር ቲኬቱን የሚችለው አሠሪው ነው። በሳዑዲም ሁለት ዓመት ሠርታ ውሏን የምታድስ የቤት ሠራተኛ የአንድ ወር ክፍያ ያለው ዕረፍት ይገባታል። ብዙዎቹ ይሄን አይጠይቁም፣ አንዳንዶቹ ስለማያውቁ፣ አንዳንዶቹ ስለሚፈሩ። ቤተሰብ «መቼ ትወስጂናለሽ?» ከሚል «ዕረፍትሽ መቼ ነው? ውልሽ ላይ ምን ይላል?» ቢል የሚጠቅማት ይሄኛው ነው።

ከሳዑዲ ለዕረፍት ስትወጣ ቪዛዋን ታንብብ፣ ካልቻለች ስክሪንሾት ልካ ታስነብብ። መውጫና መመለሻ የሆነው «ኹሩጅ ወዓውዳ» ነው። «ኹሩጅ ኒሃኢ» ከሆነ የመጨረሻ መውጫ ነው፣ በዚያ ቪዛ ወደ ሥራዋ አትመለስም። ለአንድ ወር መጥታ ሥራዋን አጥታ የምትቀር ልጅ በዚህ ምክንያት ልትሆን ትችላለች።

ለኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ትምጣ፣ ግን የት? ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች ነው። የሰፈሩ ትልቅ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል፣ ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራና ሌሎች ቦታዎች ገብቷል። በ2014 የሄደች ልጅ ስትመለስ እናቷን የምታገኘው በማታውቀው ብሎክ ላይ ነው። ቡና የሚያጣጧቸው ጎረቤቶች ተበትነዋል። ድሮ ከካዛንቺስ በእግር ይደረስ የነበረው ውጭ ጉዳይ አሁን የታክሲ ሰልፍ ሆኗል፣ የነዋሪነት ፋይሉም ወደ አዲሱ ወረዳ መዛወሩን ማጣራት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ወረቀት ፍለጋ ዕረፍቷን ይበላዋል።

ስለዚህ ከመምጣቷ በፊት እናንተ ሦስት ነገር ጨርሱላት። የእናትን ፋይል የት እንዳለ እወቁ። የልጅየዋን የልደት ወረቀት አውጥታችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ቀን የተሻለ ሥራ አግኝታ መጥራት ስትችል ይፈለጋል። የተበተኑትን ጎረቤቶች ስልክ ሰብስቡ፣ ቡናው ላይ የምትናፍቀው እነሱንም ነው።

የቪዛ ሕግ በየጊዜው ይቀየራል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኤምባሲውን ወይም የአገሩን ይፋዊ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱና እዩ። ይሄን ጽሑፍ ደግሞ ሼር ከማድረግ ባለፈ ልጃቸው ውጭ ላለች የሰፈራችሁ እናት ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው። በተለይ ቁጥር 1ን እና ቁጥር 8ን።